ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት

የጥርስ ሐኪሟ በድዴና በጥርሴ መካከል ቀጭን መለኪያ እያስገባች ለረዳቷ ቁጥር ትጠራለች። «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት...» የታችኛው መንጋጋዬ ላይ ስትደርስ «ስድስት» አለች። አፌን ከፍቼ ምን ልጠይቅ? በኋላ ስትነግረኝ ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ነው። እስከ ሦስት ደህና ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ድዱ ከጥርሱ እየለቀቀ ኪስ ሠርቷል ማለት ነው።

ስድስት የተባለው ቦታ ስለሚደማብኝ ብሩሽ ካስነካሁት ዓመት አልፎታል። እንዳይቆስል ብዬ ነበር የራራሁለት። በጨው ውኃ ግን ጠዋትና ማታ እጉመጠመጣለሁ፤ በዚያስ አልታማም።

ሆላንዳዊው የማጉያ መነጽር ሠሪ ሌቨንሁክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1683 ከጥርሱ መሐል ሊጥ የመሰለ ነጭ ነገር ፍቆ በራሱ ማጉያ ሲያየው ሕያዋን ሲርመሰመሱበት አገኘ። ቆይቶም በኮምጣጤ ተጉመጠመጠ። የሞቱት ከላይ ያሉት ብቻ ነበሩ፤ ኮምጣጤው ወደ ውስጥ አልዘለቀም። የእኔም ጨው ከዚህ የተሻለ ዕድል አልነበረውም።

ያ ሊጥ ዛሬ ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ ተጣብቀው፣ ተደራርበው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። መጀመሪያ ጥርሱ ላይ የሚሰፍሩት እምብዛም ክፉ አይደሉም። ሳይፋቅ ሲሰነብት ግን አየር በማይደርስበት ኪስ ውስጥ እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉት ይበረክታሉ። እኔን ያበሸቀኝ የዚህ ባክቴሪያ ነገር ነው፤ የሚያስፈልገውን ብረት የሚያገኘው ከደም ነው። ራርቼለት የተውኩት ድድ እየደማ ስንቅ ሲያቀብለው ከርሟል! አጥንቱን በአብዛኛው የሚያሟሽሸው ደግሞ እነሱን ለማባረር የሚዋጋው የገዛ ሰውነታችን ቁጣ ነው።

አሁን የሚደማውን ቦታ ለስላሳ ብሩሽ ድዱ ሥር ዘንበል አድርጌ እፍቀዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት መድማቱ ቀነሰ፤ ኪሱ ግን ገና ነው።

የቀረችኝ እናቴ ናት። ድዷ በልጅነቷ የተነቀሰ ስለሆነ ቢቀላም በጥቁረቱ አይለይም። እሑድ ዕለት የገመጠችው ዳቦ ላይ ደም አየሁ። «እሱማ የቆየ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ቀጠሮ አስያዝኩላት። እሷ ግን ጥርሷን አሳጥባ የተነቃነቀባትን ጎረቤታችንን እየጠቀሰች ትሞግተኛለች። ድሮም የላላውን ጥርስ ደግፎ የያዘው ያ የደነደነ ቆሻሻ ነበር ብላት፣ «ታዲያ ለምን አስነሣችው?» ትለኛለች።