ሁለት ዓመት ከ«ትልቅ ራስ» ጋር

ባለፈው ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል አንድ ፎርጂድ ሳንቲም በዓይኔ ብቻ ለየሁ። ሚዛን አላወጣሁም፣ ውሃ አልቀዳሁም። በባትሪ ጠርዙን አየሁት፣ መለስኩለት፣ መንገዴን ቀጠልኩ። ሻጩ ከኋላዬ «ፔንግዮው! ፔንግዮው!» (ወዳጄ! ወዳጄ!) እያለ ዋጋውን ከ800 ዩዋን ወደ 500፣ ከ500 ወደ 300 ሲያወርደው ይሰማኛል። ዞር አላልኩም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን በ800ው ገዝቼው፣ ሸወድኩት ብዬ እየሳቅሁ ነበር ቤቴ የምገባው።

ይቺን ታህል ጉራ ትፈቀድልኝ። ከዚህ በኋላ ያለው አብዛኛው የውርደት ታሪክ ነው።

የምኖረው ቻይና፣ ጓንዡ ነው። ሥራዬ ካርጎ ነው፤ ዕቃ ማሸግ፣ ማስመዘን፣ ወደ አዲስ አበባ መላክ። ቀኑን ሙሉ ሚዛን አጠገብ ነው የምውለው፣ ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ጣጣ ያመጣል። ሳንቲም የመሰብሰብ ሐሳቡም አልነበረኝም። እዚህ ከተማ ሌሊት ተዘርግቶ ሲነጋ የሚታጠፍ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ፣ «ቲየንጓንግ ሹ» ይሉታል። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሄድኩ። ጨርቅ ላይ ከተደረደሩ የቆሙ ሰዓቶችና አፋቸው የተሸረፈ የሻይ ማንቆርቆሪያዎች መሀል አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም አየሁና አነሳሁት። እጄ አወቀው። አያቴ ወሎ ውስጥ አንገቷ ላይ የምታስራት ማርትሬዛ (የኦስትሪያ ንግሥት ምስል ያለባት የድሮ የብር ሳንቲም) ነበረቻት፣ ልጅ ሆኜ እሷን ሳገላብጥ ነው ያደግሁት። ስፋቱም ክብደቱም ያው መሰለኝ። ሴትዮዋ ግን የለችም። በምትኳ ፀጉሩን የተላጨ፣ ሪዛም፣ ወፍራም ጄኔራል ተቀምጧል።

ዩዋን ሺካይ ነው። ቻይኖች ሳንቲሙን «ዩዋን ዳቶው» ይሉታል፣ ዩዋን ትልቅ ራስ እንደማለት። በ1914 ነው መመታት የጀመረው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሰውየው ፕሬዚዳንት ነበር፤ በ1915 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለ፣ ጥቂት ወር ሳይቆይ ተወው፣ በ1916 ሞተ። ሳንቲሙ ግን አልሞተም። በ1919፣ በ1920 እና በ1921 ቁጥር ተመታ። ከ1949 በኋላ እንኳ ቲቤት ውስጥ ሰው ወረቀት አልቀበል ሲል እንደገና ተመቷል። የኛዋ ማርትሬዛስ? በ1780 ሞታ ዛሬም «1780» እየተባለ ይመታላታል። ሁለቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁለት ሙታን ሲተያዩ ይመስለኛል።

ከርዕስ ልውጣና፣ ለኛ ብር ማለት ገንዘብም ማዕድኑም ነው አይደል? ቻይኖችም ባንክ ሲሉ «ዪንሃንግ» ነው፣ «ዪን» ደግሞ ብር ነው፣ ማዕድኑ። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ቶሎ ልለፋቸው። ዓመት ማንበብ ተማርኩ። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ የሪፐብሊኩን ዓመት ወስዳችሁ 1911 ትጨምሩበታላችሁ። ሦስተኛው ዓመት ማለት 1914 ነው፣ «ሦስት» ደግሞ ሦስት አግድም ሰረዝ ስለሆነ ማንም አይስተውም። አንድ የምወዳት ነገር አለች፦ የሦስተኛው ዓመት ሳንቲም ከጄኔራሉ ራስ በላይ ስድስት ፊደል ነው ያለው፤ የስምንተኛው፣ የዘጠነኛውና የአሥረኛው ዓመት ሰባት። መጨረሻ ላይ «ተሠራ» የምትል ፊደል ተጨምራለች። ሦስተኛ ዓመት ብሎ ሰባት ፊደል ካያችሁ ሻጩን ሰላም ብላችሁ እለፉ።

በነዚያ ስድስት ወራት 12 ሳንቲም ገዛሁ። ዘጠኙ ፎርጂድ ናቸው። አንዱማ ቤት ስገባ የፍሪጁ ማግኔት ላይ ተለጠፈ፣ ብረት ነው። ከሦስቱ እውነተኞች አንዱን ደግሞ እኔው ገደልኩት። ጥቁር ብሎ ስለነበር አያቴ ጌጧን እንደምታደርገው በአመድና በሎሚ ፈተግኩት። እንደ አዲስ ማንኪያ አበራ። ለአንድ ቻይናዊ ሰብሳቢ በኩራት ሳሳየው ፊቱ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መሰለ። ያ ጥቁረት ዕድሜው ነው፣ የዋጋው ግማሽም እሱ ነው። አትጠቡ። በሳሙናም፣ በጥርስ ሳሙናም፣ በምንም። አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ፎርጂድ።

ሰው ሁሉ የየራሱ መላ አለው። አንዱ የሳንቲሙን መሀል በሁለት ጥፍር ይዞ ጠርዙን እፍ ይልና ጆሮው ላይ ይደቅነዋል፤ እውነተኛ ብር ቀጭን ረጅም ድምፅ ይሰጣል ይባላል። ይስጥ። እኔ በሞተር ሳይክልና በሰው ጫጫታ መሀል እፍ ስል የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው። ሌላው ጠንካራ ማግኔት አዘቅዝቆ በተያዘ ሳንቲም ላይ ያንሸራትታል፤ ቀስ ብሎ ከወረደ ብር ነው ይላችኋል። መዳብም እኮ ማግኔቱን ያዘገየዋል! ብር የተቀባ መዳብ በዚህ ፈተና እየሳቀ ነው የሚያልፈው። በነዚህ ሁለት መላዎች ላይ ማንም ሐሳቤን አያስቀይረኝም።

የኔ ፍቅር ሚዛንና ውሃ ነበር። ነገርኳችሁ፣ ሥራዬ ሚዛን ነው። ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ገዛሁ። በፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ትቀዱና ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ዜሮ ታደርጉታላችሁ። ሳንቲሙን በቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስራችሁ ውሃው ውስጥ ታንጠለጥሉታላችሁ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ። ሚዛኑ ላይ የሚመጣው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋው ውሃ ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዚያ ቁጥር ታካፍላላችሁ። ትልቅ ራስ 26.7 ግራም አካባቢ ነው፣ 89 በመቶው ብር ነው፣ ስለዚህ 2.59 ካሳየ ሲካፈል 10.3 ይመጣል። ናስ ከሆነ ከ9 በታች ይወርዳል። ክብደቱን አስተካክሎ የሠራ ፎርጂድ እንኳ እዚህ ጋ ይያዛል፣ ምክንያቱም በቀላል ማዕድን ያንን ክብደት ለማምጣት ሳንቲሙን ማወፈር አለበት።

በዚህ ነገር አበድኩ። ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ናይለን በሁለት ጣት ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ቁጥሩ እስኪረጋ እጠብቃለሁ። ጓደኞቼ የሚሸጥላቸውን ሁሉ እያመጡ «መዝንልን» ይሉኝ ጀመር። ክብር ነበረኝ።

ከዚያ የመጀመሪያው ስህተት መጣ። አንድ የዘጠነኛው ዓመት ሳንቲም 2.67 አለኝ። ሲካፈል 10.0። ከ10.2 በታች ከሆነ ፎርጂድ ነው የሚል የራሴ ሕግ ነበረኝና ፈረድኩበት። ለጓደኛዬ ልጅ መጫወቻ ብዬ ሰጠሁት። ከወር በኋላ ሌላ ሳንቲም ስመዝን ጄኔራሉ ጆሮ ሥር የተለጠፈች የአየር አረፋ አየሁ። ትንሽ ናት፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል። ሌሎችም ነበሩ፣ በጀርባው ባለው የእህል ዘለላ መሀል፣ በጠርዙ ጥርሶች ውስጥ። አረፋ ሲለጠፍ ሳንቲሙ ከመጠኑ በላይ ውሃ ይገፋል፣ ቁጥሩ ይበላሻል። ውሃው ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ማድረግና ሳንቲሙን ነቅነቅ ማድረግ ነበር መፍትሔው። (አትጠቡ ያልኩት ለማስዋብ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው፣ አትከራከሩኝ። በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ሳትፈትጉ ጨርቅ ላይ አድርቁት።) ሮጬ ልጁ ጋ ሄድኩ። ልጁ አልሰጥም አለ። በባለሪሞት መኪና ተቀያየርን። ስመዝነው 10.3።

ሁለተኛው ስህተት ግን በመኪና የሚመለስ አልነበረም።

የጓንግዶንግ (ጓንዡ ያለችበት ክፍለ ሀገር ነው) ድራጎን ብር ፈልጌ ነበር። እዚችው ከተማ ውስጥ፣ ከእንግሊዟ በርሚንግሃም በመጣ ማሽን፣ ከ1890 አካባቢ ጀምሮ የተመታው ነው። በአንድ በኩል መሀሉ ላይ የማንቹ ፊደል፣ በሌላው የተጠቀለለ ድራጎን፣ ዙሪያውን ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ክፍለ ሀገሩና ክብደቱ። የምኖርባት ከተማ የመታችውን ሳንቲም መያዝ አማረኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ አገኘሁ። ሚዛኔን ከቦርሳዬ ስመዝ ባለሱቁ አልተቆጣም፣ ውሃ ራሱ ቀዳልኝ። እዚህ ጋ ነበር መንቃት የነበረብኝ። 26.85 ግራም፣ በውሃ 2.60፣ ሲካፈል 10.33። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ቆጥሬ ሰጠሁት።

በሳምንቱ አንድ ሹሹ (አጎቴ እንደምንለው ነው) ጋ ወሰድኩት፤ ንጋት ገበያው ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ፊቱን እንኳ አላየውም። ጠርዙን አንዴ አዞረና ሳቀ። ከኪሱ የራሱን ድራጎን አውጥቶ ከኔው ጋር አጋጥሞ ያዘልኝ። የሱ ጠርዝ ጥርሶቹ አንዳንዱ ተጫጭኖ፣ አንዳንዱ ተበልቶ፣ በመሀላቸው ጥቁር ገብቶ ነው። የኔው እንደ አዲስ መጋዝ ሁሉም እኩል። ከዚያ አጉሊ መነጽር ሰጠኝና የድራጎኑን ቅርፊት አሳየኝ። እውነተኛው ሳንቲም የሚያረጀው ከፍ ያለው ቦታ ነው፣ ጣት የሚነካው፤ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው መስመር ግን ስል እንደሆነ ይቀራል። የኔው ላይ ጎድጓዳውም ደብዝዟል። ያረጀ ሳንቲም ገልብጠው ማተሚያ ሠርተውበት ነው፣ እርጅናው አብሮ ተገለበጠ። ብሩስ? ብሩ እውነተኛ ብር ነው። ሰብሳቢ የሚከፍለው ከብሩ ዋጋ እጥፍ ድርብ ከሆነ፣ አጭበርባሪው በብር ቢሠራው ምን ይጎዳል? ሚዛኔ አልዋሸም። ብር ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ አዎ አለኝ። ያልጠየቅሁትን ከየት አምጥቶ ይንገረኝ።

ለሁለት ወር ምንም አልገዛሁም። ተናድጄ ነበር፣ በተለይ ውሃ በቀዳልኝ በዚያ ሰውዬ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። መርማሪ ድርጅት አይቶ በፕላስቲክ ያሸገውን አንድ ተራ የሦስተኛ ዓመት ትልቅ ራስ በሙሉ ዋጋው ገዛሁ። ፕላስቲኩም ፎርጂድ አለው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከድርጅቱ ገጽ ላይ፣ ፎቶውን ከሳንቲሙ ጭረት ጋር አስተያየሁ። ከዚያ ሰብሬ አወጣሁት። አዎ፣ ሰበርኩት፣ ስደቡኝ። ጠርዙን በፕላስቲክ ውስጥ እንደልብ ማየት አይቻልም፣ እኔ ደግሞ የፈለግሁት ጠርዙን ነው። ሦስት ወር ሙሉ ኪሴ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው ዞርኩ። ስልክ ስጠብቅ አወጣዋለሁ፣ ጭነት ሲዘገይ አወጣዋለሁ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቴ እዳብሳለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ዓይን የመጣው ከዚያ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ 12 ርካሽ ከምትገዙ አንድ የተረጋገጠ ግዙ። እኔ ስለተቃጠልኩ ነው የምለው፤ ማንም ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ግን አልሰማውም ነበር።

በነገራችን ላይ ችግሩ አዲስ አይደለም። ድሮ የሜክሲኮ ንስር ያለበት ብር ቻይና ውስጥ እንደ ልብ ይዘዋወር ነበር፣ ገንዘብ መርማሪዎችም አይተው ሲያምኑበት የቤታቸውን ትንሽ ማህተም ይመቱበታል። አንድ አለኝ፣ ፊቱ ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል፣ አሥራ አንድ ማህተም ቆጥሬበታለሁ። ብዙ ሰብሳቢ ተበላሸ ብሎ ይንቀዋል። እኔ ካሉኝ 23 እውነተኞች ሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። አሥራ አንድ ሰው መርምሮልኛል። አያቴም ማርትሬዛዋን ስታሳየኝ የደረቷን ጌጥ ዶቃ አንድ በአንድ ታስቆጥረኝ ነበር፤ ካልሞላ ነጋዴው አይቀበልም ትለኝ ነበር። ለካ ስታስተምረኝ ነበር፣ ቁጥር መማሪያ መስሎኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ በውስጥ መስመር «ስትመጣ አንድ ድራጎን ይዘህልን ና» ለምትሉኝ። አልችልም። በቻይና ሕግ በ1911ና ከዚያ በፊት የተሠራ ቅርስ ከአገር አይወጣም፣ እስከ 1949 ያለውም ቢሆን ፈቃድና ምርመራ አለው። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ጉምሩክ ላይ ነው። ያ የብር ፎርጂድ ድራጎን አሮጌ ስላልሆነ እሱን ባመጣላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ኤርፖርት ላይ አስቁመው «ይሄ ቅርስ ነው» ቢሉኝ፣ ፎርጂድ መሆኑን እንዴት ላስረዳ ነው? ሹሹን ይዤው ልምጣ?