ከደብረ ማዊ ቦረቦሮች እስከ ጉማራ ድልድይ

ነሐሴ ላይ ከባሕር ዳር ወደ አዴት የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ረዳቱ ክረምት ነው ብሎ ከታሪፉ በላይ ተቀበለን። ተናድጄ ነው የወረድኩት። ደብረ ማዊ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአፈር መሸርሸርን ለዓመታት የለኩት እዚህ ነው።

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ቦረቦር፣ ማለትም ውሃ የቆረሰው ጥልቅ ገደል፣ ሲባል ዓይኔ የሚሄደው ወደ ተራራው ወገብ ነው። እዚህ ግን ዳገቱ ላይ ያለው እርሻ ብዙም አልተቦረቦረም፤ የተቆረሰው ከታች ያለው ለጥ ያለ የግጦሽ መስክ ነው። ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው። ከሰኔ ጀምሮ ዳገቱ የጠጣው ዝናብ በውስጥ እየተጓዘ ወደ ሸለቆው ወለል ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወለሉ ይጠግብና ውሃው እስከ ሣሩ ሥር ይደርሳል። ቦረቦሩ ከዚህ ውሃ በታች ከወረደ የግድግዳው እግር ይለሰልሳል፤ ውሃ ጠጥቶ የከበደው አፈር እንዳለ ይናዳል። ዝናብ ባልጣለበት ቀንም ይናዳል። ጎርፉ በአብዛኛው የወደቀውን ጠራርጎ ወሳጅ ነው። አፈሩ ዋልካ በመሆኑም በበጋ የተሰነጠቀው ስንጥቅ የመጀመሪያውን ዝናብ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይሰደዋል።

ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ። «ልጄ፣ ጠርዙ ላይ አትቁም፤ ሥሩ ባዶ ነው» አሉኝ። ስንጥቁ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በሣሩ መካከል ይታይ ነበር፤ እኔ አላስተዋልኩትም። ከዚያ ዝናቡን ከቁብ ሳይቆጥሩ ከላይ እስከ ታች አዞሩኝ። ደግነታቸው የረዳቱን ነገር አስረሳኝ።

ጎርፉን ለማዘግየት ቦረቦሩን አቋርጠው ከተሠሩት፣ ካየናቸው የድንጋይ ክትሮች ግማሾቹ ተበልተዋል። ጫፋቸው ወደ ግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ስላልገባ ውሃው በጎን ዞሯቸዋል። መሐላቸው ከዳርና ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ማፍሰሻ ያልተበጀላቸውም እንዲሁ ሆነዋል። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ድንጋይ ካልተነጠፈ ደግሞ ጎርፉ ሥራቸውን ቆፍሮ ይገለብጣቸዋል። ርቀቱም ስሌት አለው፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። ወለሉ በየ10 ሜትሩ አንድ ሜትር የሚወርድ ከሆነ አንድ ሜትር ከፍታ ያላቸው ክትሮች በ10 ሜትር ይራራቃሉ። ክትሮቹን አራርቆ መሥራት ድንጋይ ያተርፋል፤ መሐል ያለው ወለል ግን መቆፈሩን ይቀጥላል።

እንደ እኔ እንደ እኔ የበጋው የአፈር ጥበቃ ዘመቻ ትልቁን ቦረቦር ከመሙላት ይልቅ ገና ጥልቀት ያላገኙትን ትንንሾቹን ቢያስቀድም ይሻላል። የትልቁ ጉዳይ ከአናቱ ይጀምራል፦ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው የአናቱ ግድግዳ ተዳፍቶ፣ ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ውሃው በዝግታ እንዲወርድ ይደረጋል። የጎን ግድግዳውም ወደ 45 ዲግሪ ተዳፍቶ ደሾ ሣር ወይም ቬቲቨር ይተከልበታል፤ ሣሩ ሥር እስኪይዝ ከብት አይገባበትም፣ ታጭዶ ይወሰዳል። አዛውንቱ በከዘራቸው ያሳዩኝ ደግሞ ፈሰሱን ነው። ገበሬው ማሳው ውሃ እንዳይተኛበት በማረሻ የሚያወጣው ቦይ ቀጥታ ቦረቦሩ አናት ላይ ይወርዳል። ባለማሳዎቹ ተስማምተው ፈሰሳቸውን ወደ ሣር መስክ ካላዞሩ ድንጋዩ ብቻውን አይችለውም።

በማግስቱ ወደ ወረታ መንገድ ወጥቼ ጉማራ ድልድይ ላይ ወረድኩ። ወንዙ ከጉና ተራራ ተነስቶ በፎገራ ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል፤ ያን ቀን ድፍርስ ቡናማ ነበር። ደለሉ ወለሉን ከፍ ስለሚያደርገው ትንሽ ሙላትም ከአፉ ወጥቶ ሩዙ ላይ ይተኛል። ደቃቁ ለም ሲሆን፣ አሸዋው ማሳውን ያበላሻል። ጣና እጅግ በጠለቀበት እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚገባበትን ደለል የሚውጥበት ብዙ ጥልቀት የለውም።

በእነዚህ ተፋሰሶች ውሃው እጅግ የሚደፈርሰው ክረምቱ ሲገባ፣ ገና የታረሰው ማሳ ራቁቱን ሳለ ነው። ሰብሉ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ እየጠራ ይሄዳል። ነሐሴ ሲያልቅም ድፍርስነቱ ያልቀነሰ ጅረት ካጋጠመ ማሳውን ትቶ ሽቅብ በዳርቻው መሄድና የሚናደውን ግድግዳ መፈለግ ነው።