የዲኤክሷ ጎሚኒ ለምን ተቀደደ?

ባለፈው የዲኤክሷን፣ የድሮዋን ቶዮታ ኮሮላዬን፣ የፊቱንም የኋላውንም ጎሚኒ (መሃሉ የብረት ቱቦ ያለው የመጋጠሚያ ላስቲክ) ራሴ ቀየርኩ ብዬ ጉራዬን ነዝቼባችሁ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ዲኤክሷ ከኋላ ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ጀመረች። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ያውቀዋል፤ ከብሎኩ እስከ አስፋልቱ ያለውን ጉብታ ቆጥረህ አትጨርስም።

ፈትቼ ሳየው የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ በውስጠኛው ቱቦ ዙሪያ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጥቋል። መጀመሪያ የረገምኩት ዕቃውን ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ስታስረው መኪናዋ የት ነበረች?" አሉኝ።

"ክሪክ ላይ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ የምትነዳት አየር ላይ ነው እንዴ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የጎሚኒውን የውስጥ ብረት ቱቦ ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ አርሙ ሲወጣና ሲወርድ ቱቦው አይዞርም፤ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። እኔ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ስላጠበቅኩት፣ መኪናዋን ሳወርዳት ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ቀረ። ቆማ ስታድር እንኳ እየተወጠረ ነበር ማለት ነው።

ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ጎሚኒ ገዛሁና ደገምኩት። የዲኤክስ የኋላ አክሰል፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት፣ አንድ ወጥ ስለሆነ ይቀላል። የፊት ጎማዎቹ ላይ ድንጋይ አደረግኩ፤ መደገፊያዎቹን አክሰሉ ስር አስቀመጥኩ፤ ክብደቷ ሞላው ላይ አረፈ። እስከዚያ ድረስ ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ነበር የገቡት። ያጠበቅኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ብሎን በስንት ጉልበት እንደጠበቀ የሚለካው ቶርክ መፍቻ የለኝም። የድሮው የጃፓን ማንዋል በኪሎግራም ሴንቲሜትር ስለሚጽፍ ግን የሚንጠለጠል ሚዛን ያገለግላል። ለምሳሌ 1000 ካለ፣ ከብሎኑ መሃል 50 ሴንቲሜትር ርቆ መፍቻውን በ20 ኪሎ መሳብ ነው፤ 98 ኒውተን ሜትር ገደማ። ሚዛኑ የሚስበው ከመፍቻው ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ ካልሆነ ይሸውዳችኋል። የተዋስኩት ከሰፈራችን ሽንኩርት ሻጭ ነው፤ "መኪናዋን ልትመዝናት ነው?" ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው የብሎኑ ጥርስ ላይ ግራሶ ለቅልቄም ነበር። ማንዋሉ ቀቡ ካላለ አይቀባም፤ ሲያንሸራትተው በዚያው ጉልበት ብሎኑ ከልኩ በላይ ይወጠራል። አሁን በጨርቅ ጠራርጌ ደረቁን ነው ያሰርኩት።

ሲጢጥታው ጠፍቷል። የፊቶቹንም ግን ያኔ አየር ላይ ነው ያሰርኳቸው። እነሱን ስደግም መኪናዋ በጎማዋ ላይ እንደቆመች ከፍ እንድትልልኝ፣ ጎማ ስር የሚገባ ወፍራም ጣውላ እያፈላለግኩ ነው።