ወንበር ቆጥረን አማካሪ ረሳን

የድህረ ምረቃ አስተባባሪ ሆኜ ስሾም ከቀድሞው አስተባባሪ የተረከብኩት ሦስት ነገር ነው፤ ማኅተም፣ የአምስት ዓመት የማስፋፊያ ዕቅድ፣ እና ከፋይል ብዛት የተነሳ በሩ አልገጥም ያለ የብረት ሸልፍ። በማኅተሙ ወዲያው መፈረም ጀመርኩ። ዕቅዱን በኩራት አነበብኩት። ሸልፉን ዞር ብዬ ለማየት ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

የማስተምረው ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ስሙን ልተወው። ጊዜው የመስፋፋት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ነገሩ ለጥቂቶች ብቻ ነበር። በኋላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አለፈ። አዲሶቹ ግቢዎች የቀጠሯቸው ብዙዎቹ ወጣት መምህራን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው የገቡ ናቸው፤ ማስተርስ ይፈልጋሉ፣ ማስተርስ ያላቸው ደግሞ ፒኤችዲ። የት ይሂዱ? ወደ ነባሮቹ፣ ወደ እኛ። የባንክ ሠራተኛውና የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያም ለደረጃ ዕድገት ቅዳሜና እሁድ መማር ይፈልጋል። ዲፓርትመንቶቹም ጥያቄውን አይጠሉትም፤ የቅዳሜና እሁዱ ክፍያ የስንቱን መምህር የቤት ኪራይ እንደሸፈነ እኔ አውቃለሁ፣ የእኔንም ሸፍኗል።

ፕሮግራም እንዴት እንደምንከፍት ልናገር፣ ያፈርኩበትም ቢሆን። መጀመሪያ የፍላጎት ዳሰሳ ይሠራል፤ መጠይቁ «ይህ ፕሮግራም ቢከፈት ይጠቅማል ብለው ያምናሉ?» ይላል፣ የማያምን ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ከዚያ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ካሪኩለም ይወሰድና የኮርስ ኮዱ ይቀየራል። ከዚያ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ተይዞ ወርክሾፕ ይካሄዳል፣ ገምጋሚዎቹ የፊደል ስህተት ያርማሉ፣ ምሳ ይበላል፣ ሰነዱ ወደ ሴኔት ይሄዳል። በሰነዱ መጨረሻ ላይ የመምህራን ዝርዝር አለ። እኔም እንደ ሁሉም ሰው ዝርዝሩን ቆጥሬ «በቂ ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ ስንቱ ለትምህርት ውጭ አገር እንደሄደ፣ ስንቱ በሹመት ሌላ መሥሪያ ቤት እንደተቀመጠ አልጠየቅኩም።

ሸልፉን የከፈትኩት በአንድ ክረምት ነው፣ ግቢው ጭር ባለበት። ጸሐፊያችን «ዶክተር፣ እነዚህን አርካይቭ እናስገባቸው፤ ማንም አይጠይቃቸውም» አለችኝ። ማንም የማይጠይቀው ፋይል ምን እንደሆነ ለማየት አንዱን ሳብኩ። ኮርሱን ከጨረሰ ብዙ ዓመት የሆነው ተማሪ ነው፣ ውጤቱም ጥሩ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ በአንድ አገላበጥኳቸው። ትምህርት ከብዶት የወደቀ ጥቂት ነው። አብዛኛው የቆመው የመመረቂያ ጽሑፉ ፕሮፖዛል ጸድቆ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እስኪያስገባ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ክፍል የለ፣ ፈተና የለ፣ ቀነ ገደብ የለ፣ ተማሪውና አማካሪው ብቻ ናቸው። አማካሪው ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ተማሪው ለብቻው ነው።

የአማካሪዎቹን ስም በደብተር ስጽፍ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። አንድ የተከበሩ ፕሮፌሰር ስማቸው ሃያ ፋይል ላይ አለ። ከእሳቸው ቢሮ ሁለት በር አልፎ የተቀመጠው፣ ከውጭ ተምሮ በቅርቡ የተመለሰው ልጅ አንድም ተማሪ የለውም። ተማሪ ታዋቂውን ይመርጣል፣ ዲፓርትመንቱም ለታላቅ ሰው «በቃዎት» ማለት ይከብደዋል። የማማከር ክፍያው ትንሽ ነው፤ እሱም የሚደርሰው ተማሪው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ከሚከላከልበት ከዲፌንስ በኋላ፣ አንዳንዴም ሰው ከረሳው በኋላ ነው።

ስለ ሰኔ አንድ ነገር ልበል፣ ከዚህ ቤት ያላለፈ ሰው አያውቀውምና። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚጠራው ፈታኝ፣ የኤክስተርናል ኤግዛሚነሩ፣ አበል ከዚያ በፊት ካልተወራረደ ለሚቀጥለው ዓመት ይንከባለላል፣ የሚቀጥለው ዓመት ፋይናንስ ደግሞ የአምናን ዕዳ አይወድም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የተኛው ዲፌንስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጎርፋል። በአንድ ቀን ስምንት ዲፌንስ በመራሁበት ዕለት ከሌላ ከተማ የመጣው ፈታኝ ጽሑፉን መኪና ላይ እንዳነበበ ሳቅ ብሎ ነገረኝ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው አያስቅም።

የሳይንስ ተማሪዎቹ ጉዳይ የተለየ ነበር። የእነሱ ሰዓት የሚያልቀው ኬሚካል ሲጠብቁ ነው፤ ጨረታ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ጉምሩክ። እዚያ ላይ ያመጣሁት ለውጥ የለም ማለት ይቻላል።

ያመጣሁት አንድ ደንብ ነው፤ ዲፓርትመንት የቅበላ ቁጥር ከመጠየቁ በፊት በዚያ ዓመት ግቢ ውስጥ ያሉ አማካሪዎችን በስም ጽፎ ያምጣ፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት አሁን የያዛቸው ተማሪዎች ብዛት ይቀመጥ፣ የሚቀበለውም ቀሪ ቦታውን ያህል ብቻ ይሁን። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በስብሰባው ላይ አንድ የዲፓርትመንት ኃላፊ ተነስቶ «ገበያ እያለ ሱቅ ትዘጋለህ እንዴ?» አለኝ፣ ቤቱ ሳቀ፣ እኔም መልስ አጣሁ። በፒኤችዲው ላይ ደንቡ አለፈ። በቅዳሜና እሁዱ ማስተርስ ላይ ተሸነፍኩ። እዚያ ቁጥሩን የቀነሰው ቆይቶ የመጣው ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው፤ አመልካቹ ቀነሰ፣ ክፍሎቹም ራሳቸው ሳሱ። እኔ በክርክር ያልቻልኩትን ፈተናው ያለ ክርክር ሠራው፣ ምንም እንኳ አብረው ሳይገቡ የቀሩ ጎበዞች እንዳሉ ባውቅም።

ሁለተኛው ሙከራዬ የግማሽ ዓመት ሪፖርት ነበር፤ ተማሪና አማካሪ የሚፈርሙበት አንድ ገጽ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብለው ፈርመው መለሱት። ቅጹን ተውኩትና ተማሪው በየመንፈቁ በዲፓርትመንቱ ፊት ቆሞ 15 ደቂቃ የሠራውን እንዲያሳይ አደረግን። ፊት ለፊት መዋሸት ይከብዳል። አማካሪዎችም እዚያው ተጋለጡ፤ ተማሪያቸውን ስም ጠርተው ማስተዋወቅ ያቃታቸው ነበሩ። ለአንጋፋዎቹ ሸክም ማቃለያ ወጣቶቹን ረዳት አማካሪ አድርገን አጣመርን። ሦስት ጥንዶች ሠሩ፣ ሁለቱ ተጣሉ።

በመጋቢት 2012 በኮቪድ ምክንያት ግቢው ሲዘጋ ሁሉም ይፈርሳል ብዬ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ቢሮ የማይገኙት አማካሪ በቴሌግራም ተገኙ። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ በድምፅ መልእክት ምዕራፍ ሁለትን ሲያርሙ የሰማኋቸው መምህር ከዚያ በፊት በወር አንዴ ነበር የሚታዩት።

የሥራ ዘመኔ ሊያበቃ ሲል የሸልፉን ሰዎች በስልክ መጥራት ጀመርን። የአንዳንዱ ቁጥር አይሠራም። አንዷ አረብ አገር ናት አሉን። አንደኛው የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል፤ ስሜን ስነግረው ዝም አለና «ዶክተር፣ አማካሪዬ አሁንም አሉ?» አለኝ። ከሄዱ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ አሜሪካ ናቸው። «የሉም» አልኩት።

«እንግዲያው ማን ይፈርምልኛል?»

ደብተሬን ገለጥኩ። በራሴ ደንብ መሠረት የእኔ ቦታ ሞልቷል። ፋይሉን አወጣሁና ከተሰረዘው ስም በታች የራሴን ጻፍኩ። ጸሐፊያችን አየችኝ፣ ምንም አላለችም፤ ማኅተሙን አቀበለችኝ።