ፀሐይ የበላው ፋይበርግላስ

ዛሬ ፒያሳ፣ ብርሃን እንዲያስገባ ከቆርቆሮ መሃል የተመታ የፋይበርግላስ ክዳን ላይ ስንነጋገር ዋልን። ቢጫ ሆኗል፣ ሲዳሰስ ክሩ ይወጋል። "ስንት ዓመት ይቀረዋል?" ለሚለው ግን ቀለሙ መልስ አይሰጥም።

የፀሐይ ጨረር የሚበላው የላይኛውን ስስ ሬዚን (የመስታወት ክሩን አጣብቆ የሚይዘውን ፕላስቲክ) ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች (በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል) እዚህ ይፈጥናል። ክሩ ከተገለጠ በኋላ ዋናው ጠላት ውሃ ነው፤ በክሩና በሬዚኑ መሃል እየሰረገ ያላቅቃቸዋል።

ዕድሜውን ለመገመት ቁራጮች ቆርጦ ጠርዛቸውን በሬዚን ማሸግ፣ ክብደታቸው እስኪረጋ ማድረቅ፣ ከዚያ በ30፣ በ40 እና በ50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ መንከር። በየጊዜው አውጥቶ፣ ላዩን አድርቆ መመዘን። ጭማሪው ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ሲነጻጸር መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል። ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ለመጥገብ 4 እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የ3 ሚሊሜትር ውጤት ለ6 ሚሊሜትር እንዳለ አይወሰድም። በየደረጃው የተወሰኑትን አጥፎ መስበርና የጥንካሬውን መውረድ በአሬኒየስ ቀመር (ሙቀት ሲለዋወጥ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን ወይም እንደሚዘገይ በሚያሰላው) ወደ ከተማችን ሙቀት ማውረድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲቸኩል ነው። ውሃ የጠጣ ፖሊስተር (የክዳኑ ሬዚን) የሚለሰልስበት ሙቀት ይወርዳል፤ 80 ዲግሪ ላይ ቢቀቅሉት ጣሪያ ላይ ፈጽሞ የማይደርስ ጉዳት ይፈጠራል። ሌላው ደግሞ ክብደቱ መጨመሩን ሲያቆም "ጠገበ" ብሎ መዝጋት። አንዳንዴ ውሃ እየገባ ሬዚኑ እየሟሟ ስለሚወጣ ነው የቆመው። መልሰው አድርቀው ይመዝኑት፤ ከመጀመሪያው ደረቅ ክብደት ካነሰ ሟሙቷል።