አደጋ ቢደርስ ማን ይጠራ?

ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ አራት ቀን ቆየ። ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የቀበቶ ደረጃ፣ የሐኪም ማረጋገጫ። ይህን ሁሉ በአሥር ደቂቃ ሞላሁት። ታች ግን አንዲት መስመር አለች። «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ» ትላለች። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ።

የምመዘገብበት የቴኳንዶ ፍልሚያ ውድድር ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ ሰማያዊ ቀበቶ ላይ ደርሻለሁ። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሰው ከአልጋ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ መልሼ አስተኛለሁ። የሚከፈለኝ በሰዓት ነው። ጉልበቴ ቢዞር ወይም ጣቴ ቢሰበር ያን ሳምንት ገቢ የለኝም። እንጀራዬ ያለው በዚሁ በሰውነቴ ላይ ነው።

ቴኳንዶ የጀመርኩት ለመፋለም ብዬ አልነበረም። የመጀመሪያው የስደት ዓመቴ ሥራና ክፍል፣ ሥራና ክፍል ብቻ ነበር። ቋንቋው አልገባኝም። ሰው ሲያናግረኝ ፈገግ እልና አልፋለሁ። ስልጠና ቦታው ግን ሌላ ነበር። እዚያ ትእዛዙ በኮሪያኛ ነው። «ቻሪዮት» ሲባል ሁላችንም ቀጥ እንላለን፣ «ጁንቢ» ሲባል እንዘጋጃለን፣ «ሲጃክ» ሲባል እንጀምራለን። ኮሪያኛው ለእኔም ለእነሱም እኩል ባዕድ ነው። ከመጣሁ በኋላ ከሰው እኩል የቆምኩት መጀመሪያ እዚያ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አሰልጣኜ «ለውድድር ደርሰሻል» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ፈራሁ። በልምምድ ፋይት ስንገባ እንተዋወቃለን። ጓደኛዬ ጎኔ ክፍት መሆኑን ካየች እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ትነካኛለች እንጂ አትመታኝም። ሲደክመኝ ትጠብቀኛለች። ውድድር ላይ የምትቆመዋ ሴት ግን አታውቀኝም። ነጥብ ነው የምትፈልገው። በዓለም ቴኳንዶ ሕግ ቡጢ ደረት ላይ 1 ነጥብ ነው፣ እርግጫ ደረት ላይ 2፣ ራስ ላይ 3። ዞሮ በመምታት ከሆነ ደረት ላይ 4፣ ራስ ላይ ደግሞ 5 ይሆናል። ይህን ቁጥር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሕጉ ራሱ ወደ ራስ ቅል ይጋብዛል። የራስ መከላከያው ጭረትና ስንጥቅ ይከለክላል እንጂ አንጎል ውስጥ የሚፈጠረውን መናወጥ አያስቀርም። ስለዚህ «ትንሽ ብመታ ምን አለበት» የሚል ሰው ስሰማ አልስማማም። ራሱን የተመታና የዞረበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ግጥሚያ መመለስ የለበትም። ወርቅ ሜዳሊያ ቢጠብቀውም።

ከዚህም ሌላ ስለ ራሴ የማውቀው ነገር አለ። ስመታ እልህ ይይዘኛል። እልህ ሲይዘኝ ትንፋሼን እረሳለሁ፣ ክንዴ ይወርዳል፣ ዝም ብዬ ወደ ፊት እሄዳለሁ። አሰልጣኜ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲያስተምረኝ ነበር፤ ከተመታሁ በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስን። ቀላል ይመስላል። በሕይወቴ ግን ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር ተለማምጄ አላውቅም።

እናቴን በስልክ ሳማክራት ረጅም ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ አጠገብሽ የለሁም። ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?» አለችኝ። ቅጹም የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

በእነዚያ አራት ቀናት ስለ ኢራናዊቷ የቴኳንዶ ተፋላሚ ስለ ኪሚያ አሊዛዴህ ደጋግሜ አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በ18 ዓመቷ ነሐስ ወስዳ ለኢራን ሜዳሊያ ያመጣች የመጀመሪያዋ ሴት ኦሊምፒያን ሆነች። ከዚያ ተሰደደች። በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ2021 መሆኑ ነው፣ በስደተኞች ቡድን ስም ገባች። ከገጠሟት አንዷ የቀድሞ የቡድን ጓደኛዋ ነበረች። እሷን አሸነፈች። ቀጥላ የሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ አሸናፊዋን ጄድ ጆንስን ጣለች። ለነሐስ ተጋጥማ ተሸነፈች እንጂ። በ2024 ፓሪስ ላይ ለቡልጋሪያ ተሰልፋ ነሐስ አገኘች። እኔ ከእሷ ጋር የምነጻጸር ሰው አይደለሁም። ግን በቶኪዮ ያን ቅጽ ስትሞላ የማንን ስልክ ጽፋ ይሆን? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

አምስተኛው ቀን ላይ ከልምምድ በኋላ አብራኝ የምትለማመደውን ሴትዮ ጠየቅኳት። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያልፋል፣ የዚሁ አገር ሰው ናት። ለመጠየቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጫማዬን ሁለቴ አስሬ ፈታሁ። ሰው ላይ ሸክም መሆን ያስፈራኛል፤ ከእርግጫ በላይ የፈራሁትም እሱን ነበር። «ቅጹ ላይ ስምሽን ብጽፍ ቅር ይልሻል?» አልኳት። ገርሟት አየችኝ። «እኔ ባለፈው የቀበቶ ፈተና ቅጽ ላይ ያንቺን ነው የጻፍኩት» አለች። ሳትነግረኝ። እሷም ብቻዋን የምትኖር መሆኗን የዚያን ዕለት አወቅሁ። ልጆቿ ሩቅ ናቸው። አንድ ቀን አደጋ ቢደርስባት ሊደወል የታሰበው ለእኔ ነበር። በዚያ በተሰባበረ ቋንቋዬ።

ሻወር ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለመግባት ወሰንኩ፣ ግን በራሴ መንገድ። ክብደቴ 59 ኪሎ ነው። ከ57 በታች ወርደሽ ብትገቢ አጫጭር ልጆች ይገጥሙሻል ያሉኝ ነበሩ። አልፈለግኩም። ውሃ ጠጥቼ፣ በልቼ፣ ከ62 በታች ባለው ምድብ ጉልበቴን ይዤ እገባለሁ። ምድቤ ባለ ቀለም ቀበቶዎች ብቻ፣ ማለትም ጥቁር ቀበቶ ላይ ያልደረሱ፣ ያሉበት መሆኑን አረጋገጥኩ። ሜዳው ዳር ሐኪም መኖሩን ጠየቅኩ፤ አለ። ራስ ላይ መምታት ይፈቀዳል ወይ ብዬም ጠየቅኩ፤ ይፈቀዳል። ስለዚህ አሰልጣኜን «ተመትቼ ራሴን ሲያዞረኝ ካየህ፣ እኔ እቀጥላለሁ ብልህም ግጥሚያውን አስቁመው» አልኩት። ቃል ገባልኝ። ቃሉን ባይሰጠኝ ኖሮ አልገባም ነበር።

ለመጦሪያው ኃላፊም ነገርኳት። ከውድድሩ ማግስት ያሉትን ሁለት ቀናት ፈቃድ ጠየቅኩ። ለክፉ ቀን የምትሆን የአንድ ወር የቤት ኪራይም ለብቻ አስቀምጫለሁ። ያችን ገንዘብ እስካሟላ ነው ምዝገባውን እስከ መጨረሻው ቀን ያቆየሁት።

እናቴ አሁንም አልተስማማችም። ግን የሴትዮዋን ስም እንድነግራት ጠየቀችኝ። ቀስ እያልኩ ሁለት ጊዜ አልኩላት። ለጸሎት ነው መሰለኝ፣ ሦስተኛ ጊዜም አስደገመችኝ።

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዛሬ ማታ ልምምድ አለን። ያችኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንደግማታለን።