ከካቡ የቀረ ድንጋይ

ከቢቸና ብዙ በማይርቅ አንድ ደብር ሁለት ዓመት ቅኔ ተምሬአለሁ። ቀን በየጥሻውና በየዛፉ ሥር ተበታትነን ቅኔ እንቆጥራለን፣ አዲስ ቅኔ እንደርሳለን ማለት ነው፤ ማታ የኔታ ደጅ ተሰብስበን የቆጠርነውን በየተራ እንነግራለን። አንድ ምሽት ከአንድ ነባር ተማሪ የሰማሁትን ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ያለውን አጭር ቅኔ፣ ጥቂት ቃላቱን ለዋውጬ እንደ ራሴ አድርጌ ነገርሁ። የኔታ ገና ሁለተኛውን ቤት ሳልጨርስ፣ «ይኸማ የተነገረ ነው ልጄ፤ ሂድና የራስህን ቁጠር» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግን ከዚያ በኋላ የሰው ቅኔ ይዤ ፊታቸው አልቆምሁም።

ስለ ዘመናዊነትና ስለ ወግ ግጭት በተነሣ ቁጥር ያ ምሽት ትዝ ይለኛል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ወግን የአባቶችን ቃል ሳይለውጡ መድገም፣ ዘመናዊነትን ደግሞ አዲስ ነገር ማምጣት አድርጎ ይጀምራል። በጎጃም እጅግ ጥንታዊ ከምንለው ትምህርት አንዱ ግን ተማሪውን በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲያመጣ የሚያስገድድ ነው። በቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ በማግሥቱ አይደገምም። የዜማው ልክ፣ የቤቱ ቁጥርና የግእዙ ሰዋስው ጥንታውያን ናቸው፤ ምሥጢሩ ግን ትናንት ያልነበረ መሆን አለበት። ስለዚህ የወጉን ሥርዓት አጥብቆ የሚነቅፍ ሰው ከዚያው ከወጉ ጉባኤ ሲወጣ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሐዲስ ዓለማየሁ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው በጎጃም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቅኔን ጭምር ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠሉ። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ የቅኔ ሰው ነው፤ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ የተሳሉት ስእለት ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ጉዱ ካሣም የማኅበሩን ልማድና ሕግ ሕይወት ከሌለው የድንጋይ ካብ ጋር ሲያመሳስል የባዕድ አገር ፍልስፍና አይጠቅስም። ያየውን በሚያውቀው ቋንቋ ይናገራል፤ አገሬውም ሰምቶ «ጉዱ» ይለዋል። ይህን ሰው ያነበብሁት ከቅኔ ቤት ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ንግግሩ የኔታ ደጅ ያደገ አንደበት መሆኑን ለየሁት።

እስከዚህ ድረስ ወጌን የማሞግስ ጎጃሜ ነኝ። የሚያስጨንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

በእኛ ቀበሌ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። የአገሩ ማረሻና ማጭድ ሁሉ በእርሱ መዶሻ ሥር ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ማረሻውን ሳያስቀጠቅጥ በሬ የሚጠምድ ገበሬ አልነበረም። ለሥራው ዋጋ እህል ይሰፈርለታል። እኛ ቤት ሲመጣ ግን ከደጃፍ ይቆማል እንጂ አይገባም፤ እናቴም ጠላውን የምትቀዳለት ለብቻው በተሰቀለ ቅል ነበር። እኔን ወደ ጓዳ እየሳበች፣ «ዓይኑን አትየው ልጄ» ትለኝ ነበር። ቡዳ ነው ማለቷ ነው። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ያን ቅል ከእናቷ ተቀብላው ነው።

የቅኔ ቤት ኩራታችን የሆነውን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ከየት እንዳገኘነው ያሰብሁት ዘግይቼ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስበታል። ሊቃውንቱ የጥበባቸውን ስም የተዋሱት ከዚህ ሰው ቤት ነው፤ አንጥረኛውንም ቀጥቃጩንም አገሩ «ጠይብ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ ከማዕዱ አርቋቸዋል። ቃሉን ከእሳቱ ዳር ወስደን ሰውየውን ከደጅ መተዋችን፣ ስለ ወጋችን ካወቅሁት ሁሉ ይልቅ ያሳፍረኛል።

ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ይህን ነገር በኢግቦዎች ምድር አይቶታል። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የታተመው በፈረንጆች 1958 ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በእኛ 1958፤ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። በአቼቤ ታሪክ የባዕዱን ሃይማኖት ቀድመው ከሚቀበሉት መካከል መንታ እየወለደች ልጆቿ ጫካ የተጣሉባት ሴት አለች፤ በኋላም «ኦሱ» ተብለው ከሰው የተለዩት ይከተላሉ። የታሪኩ ዋና ሰው ኦኮንክዎ የአገሩ ሥርዓት ከውጭ በመጣ ጠላት የፈረሰ ይመስለዋል። አንባቢው ግን ግድግዳው አስቀድሞ የተሰነጠቀው ራሱ ወደ ውጭ በጣላቸው ሰዎች በኩል እንደሆነ ያያል። አቼቤ በዚህ የተነሣ ቅኝ ገዢውን ነጻ አያወጣውም፤ እኔ የማደንቀው ሁለቱን በአንድነት መያዙን ነው።

ጎጃም የለውጥ ጠላት ነው የሚለው ወቀሳ ብዙ ጊዜ 1960 ዓ.ም.ን ይጠቅሳል። የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ገበሬው የተነሣው ግብሩ የመሬት ልኬታን፣ ልኬታውም ርስት መነቀልን ያስከትላል ብሎ ስለ ሰጋ ነው፤ ይህን ስጋት ድንቁርና ብሎ መጥራት ግፍ ነው። ዳሩ ግን ቀጥቃጩ በዚያ ክርክር ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ የሚነቀል ርስት የለውምና። መሬት የማግኘት መብት የመጣለት በ1967ቱ አዋጅ ነው። ከዚያም በፊት በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። በእኔ ልጅነት ሁለቱም አዋጆች ወጥተዋል፤ ቅሉ ግን ከተሰቀለበት አልወረደም።

የቀጥቃጩን ልጅ አባቱ ተማሪ ቤት አስገባው። ያን ጊዜ የባለ ርስቶቹ ልጆች ገና ከብት እንጠብቅ ነበር፤ የሚያጣው ነገር ስለሌለ ሳይሆን አይቀርም የቀደመን። መምህር ሆኖ በየወረዳው አስተማረ፤ በኋላ ከቅኔ ቤት ወጥቼ ስመዘገብ ሂሳብ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

ባለፈው ዓመት የእናቴን ተዝካር ስናወጣ መጡ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ሽበት ወርሷቸዋል። ዳሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ እርሳቸው ከመግቢያው አጠገብ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አልኋቸው።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

እጃቸውን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። የእናቴ የንስሐ አባት ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ሰጧቸው፤ እኔም ለሰው ሁሉ በቀረበው ብርጭቆ ጠላ ቀዳሁላቸው። ከማዶ ከተቀመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወጡ።